የእጅ ካሜራዬና ገላባት ድልድይ ላይ የታየው ሰርግ

ስለ ካሜራዬ ሰው ሲጠይቀኝ እውነቱን እናገራለሁ። አላጋንነውም፣ አላቃልለውም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ የሐበሻን ሰርግና ክርስትና በቪዲዮ የምቀርጽ ሴት ነኝ፤ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። መሣሪያዬ የቴሌቪዥን ሰዎች በትከሻቸው ከሚሸከሙት ትልቅ ካሜራ ጋር አይገናኝም። ሰው የልጁን ልደት ልቅረጽበት ብሎ የሚገዛው፣ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ትንሽ ኤችዲ ቪዲዮ ካሜራ ነው። በጎኑ እንደ መስኮት የሚከፈት ስክሪን አለው። ከኋላው ባትሪ ይሰካል፤ ከላይ ደግሞ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ሩቁን የሚያቀርብ ቁልፍ አለ። እጅ የሚገባበት ማሰሪያው ተበጥሶ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስጄ አሰፍቼዋለሁ፤ ስፌቱ ከፋብሪካው ይጠነክራል።

ያመጣልኝ ወንድሜ ነው። ጅዳ ሠርቶ ሲመለስ ከሻንጣው አወጣና፣ «ሰው ሁሉ በስልኩ ነው የሚቀርጸው፤ ይህን የሚፈልግ ጠፍቶ በነጻ ሊሰጡኝ ምንም አልቀራቸው» ብሎ አስረከበኝ። በዚያ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የሰሊጥ እርሻ ለሠራተኞች ወጥ እሠራ ነበር። ሠራተኞቹ ከጭልጋ፣ ከአርማጭሆ፣ ከመተማ ቆላ ለአጨዳ የመጡ ናቸው። እሑድ እሑድ ገላቸውን ታጥበው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ማድ ቤቴ በር ላይ ይቆሙና «እቴ፣ እስቲ እኔንም አንሺኝ» ይሉኛል። ሥራውን የተማርኩት በእነሱ ላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስትወርድ የሰው ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል፤ ወደ አመሻሽ ግን ያው ፊት ይፈካል። አቧራ ሲነሳ ካሜራው ሰውየውን ትቶ አቧራውን ማየት ይጀምራል፤ ያኔ ፎከሱን ከራሱ ነጥቆ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። ማንም አላስተማረኝም። ወጡን አማስዬ፣ እጄን ታጥቤ፣ እየሞከርኩ ነው የለመድኩት። ቀጥሎ አንዱ ለሰርግ ጠራኝ፣ ሌላው ለክርስትና፤ ሳላስበው ማድ ቤቱን ተውኩት።

ዛሬ ሰርግ ላይ ስቆም ከፊቴ ያለው እጅ ሁሉ ስልክ ይዞ ይነሳል። «ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪልናለሽ?» የሚሉኝም አሉ። አይከፋኝም። ስልክ በጨለማ ከእኔ ካሜራ ይሻላል፤ ይህን አልክድም። መብራት በጠፋበት ቤት ውስጥ የእኔ ምስል አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀን በፀሐይ ደግሞ የጎኑ ስክሪን እንደ መስታወት ሆኖ የራሴን ፊት ነው የሚያሳየኝ። ነፋስ ሲነፍስ ማይኩ ነፋሱን ብቻ ይሰማል። ሌላም ጉድለት አለበት፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ፣ ከሁሉም የባሰው እሱ ነው።

ስልክ ግን ሩቁን ላቅርብ ሲል ፊቱን ይበጣጥሰዋል። የእኔ ካሜራ ሌንሱ ራሱ ስለሚያቀርብ ከግቢው ማዶ የቆመች ሴት ሽፋሽፍቷ ይታያል። ስልክ ሰው ሲደውል ይቋረጣል፣ ሙቀት ሲበዛበት አልችልም ብሎ ይዘጋል። የእኔ፣ ትልቁን ባትሪ ካደረግሁለት፣ ከቤተ ክርስቲያን በር እስከ ሙሽሮቹ መግቢያ ድረስ አይደክምም። አንድ ጊዜ ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ክርስትና ሄጄ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ እናትየው ራሷ ውጭ ቀረች። እኔም መግባት አልቻልኩም። በሰው ትከሻ መሃል፣ በሸንበቆው ግድግዳ ክፍተት አሾልኬ፣ ቄሱ ልጁን ውሃ ውስጥ ሲነክሩት አቅርቤ ያዝኩት። ሲያልቅ ስክሪኑን ወደ እናትየው አዞርኩላት። ትግርኛ ተናጋሪ ናት፤ አማርኛዋ ጥቂት ነው። ልጇ አፉን ከፍቶ ሲጮህ ስታይ በሳቅ ፍርስ አለች፣ «ጽቡቕ እዩ» አለች፣ ጥሩ ነው ማለቷ ነው፣ ደግማ አየችው። ካሜራው ራሱ ማሳያ ስላለው፣ ሰው ራሱን እዚያው ቆሞ ያያል። ይህን ነገር እንደ ቀላል አየው ነበር፤ ዋጋው የገባኝ ድንበሩ ላይ፣ ገላባት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ በሱቆቹ በረንዳ ላይ ልብስ የምትሰፋ የመተማ ልጅ ነበረች። ገና በለጋነቷ ከአጨዳ ሠራተኞች ጋር ተሻግራ የመጣች ናት። የምትኖረው በአንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ግቢ፣ አጥሩን ተጠግታ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ሽማግሌው በጉልምስናው ዘመን በገዳሪፍና በገላባት መሃል የጭነት መኪና ይነዳ የነበረ፣ መካ ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው፤ ሁላችንም ሐጅ እንለዋለን። ልጅቷ እንደመጣች ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ያዛት። የሚያውቃት ሰው አልነበረም። ሐጅ በመኪናው ጭኖ ሆስፒታል ወሰዳት፤ መርፌው እስኪያልቅ ድረስ ጠዋት ጠዋት ሾርባ ይዞ እየሄደ የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ይቀመጥ ነበር። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ እሱ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ኋላ አንድ የትራክተር ሹፌር፣ የአርማጭሆ ልጅ፣ አገባሻለሁ አላት። የሰርጉ ቀን ተቆረጠ። አባቷ ከድንበሩ ማዶ፣ መተማ ናቸው። በዚያ ሰሞን የድንበሩ መሻገሪያ ፈቃድ ካላቸው ነጋዴዎች በቀር ለሰው ዝግ ነበር፤ በዚያ በኩል የስልክ ኔትወርክም የለም። አባትየው ለሰርጉ እንደማይመጡ ታወቀ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ተነጋግረው በአባቷ ፋንታ የሚቀመጡ አንድ የጎንደር አዛውንት መረጡ።

የሰርጉ ዕለት እኔ ከዳሱ ጥግ ቆሜያለሁ። ከዳሱ ፊት ለወላጆች የተዘጋጁ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ሲመጡ የተመረጡት አዛውንት ልብሳቸውን እያስተካከሉ ወደ ወንበሩ ተጠጉ። ሙሽራዋ ቆመች። አንገቷን ዞር አድርጋ ግቢውን አየች። ሐጅ ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ፣ ከእንግዶቹ ሁሉ ኋላ፣ በሩ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። የቬሎዋን ጫፍ በእጇ ሰብሰብ አድርጋ በሰው መሃል ሄደችና እጁን ያዘችው። ምን እንደፈለገች ስላልገባው ምግብ ልታቀርብለት መስሎት «ጠግቤያለሁ» ይላል። እየሳበች አምጥታ በአባቷ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። ባልየውም ተከተላት። አዛውንቱ ደግ ሰው ነበሩ፤ ወደ ኋላ ሸሹላቸው።

ከሩቅ ነበርኩ። ልጠጋ ብል ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል፣ ሐጅም ይደነግጣል። ቁልፉን በቀስታ ገፋሁትና ፊቱ ስክሪኑን ሞላው። እጁን ራሷ ላይ ያደርግና፣ የፀጉሯን ሥራ እንዳያበላሽ ፈርቶ መልሶ ያነሳዋል። ይህን ከእኔ ሌላ የያዘ የለም። ስልክ የያዙት ሁሉ ከጀርባዋ ነበሩ።

ቤቴ ገብቼ ቀረጻውን ሳይ ግን ያልጠበቅሁት ነገር ሰማሁ። ልክ በዚያች ደቂቃ አጠገቤ የቆመ አንድ ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለአባቷ ወንበር ክርስቲያን ጠፍቶ ነው?» ይላል። ዳሱ ውስጥ ማንም አልሰማውም፤ እኔም ሥራዬ ላይ ስለነበርኩ አላስተዋልኩም። ማይኩ ግን የቅርቡን አስበልጦ ነው የሚይዘው። ምስሉ የሐጅ ፊት፣ ድምፁ የዚያ ሰው። ድምፁን ለብቻው ማውጣት አልችልም፤ ካጠፋሁ ጉልበት መሳሙ በሞላ ይጠፋል።

ሙሽራዋን ጠርቼ አሰማኋት።

«ይህን ለአባትሽ ልላከው?» አልኳት።

«ምን ይላል መሰለሽ?»

«እኔ አባትሽን አላውቃቸውም።»

«እኔም ትቼው የመጣሁት ልጅ ሆኜ ነው» አለች። «እንዳለ ይየው። ከሰው አፍ ሲሰማው ከሚብስ።»

የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ ፈቃድ ላላት አንዲት ነጋዴ ሰጠናት። እሷ ሰሊጥና ሳሙና እያመላለሰች በሳምንት ሁለት ቀን የምትሻገር ቀልጣፋ ሴት ናት። ኋላ እነግራችኋለሁ ያልኩት ጉድለት የመጣው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴዋ ስትመለስ፣ «ስልካቸው አልከፍትም አለ» አለችን። የልጅቷ ወንድም የራሱን ሞክሯል፣ የጎረቤት ሞክሯል፤ ሁሉም ጋ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ካሜራው የሚያስቀምጥበት መንገድ ለቴሌቪዥንና ለኮምፒውተር እንጂ ለተራ ስልክ አይመችም። አባትየው ባዶውን ስልክ በእጃቸው ይዘው ሲያገላብጡት ቆይተው፣ «ሰርግ ነው ወይስ ለቅሶ?» ብለው ጠየቁ አለች።

ሙሽራዋ ይህን ስትሰማ ራሷ ልትሄድ ተነሳች። ወረቀቷ ግን የተሟላ አልነበረም፤ ድንበር ላይ ከታየች መመለሷ አጠራጣሪ ነው። እኔ የመኖሪያ ፈቃዴ ሙሉ ነበር። «ስልኩ ካልከፈተ ካሜራው ራሱ ይሂድ» አልኳት። በገላባት ሰዎች ድንበሩ ላይ በተዘረጋው ገመድ ወዲህና ወዲያ ሆነው ሲነጋገሩ አውቃለሁ፤ ነጋዴዋ አባትየውን ወደዚያ እንድታመጣቸው ተቀጣጠርን። ሁለቱንም ባትሪ ሞላሁ፣ ካሜራውን በፎጣ ጠቅልዬ ከልብስ መሃል ከተትኩ፣ ጠዋት በአውቶቡስ ሄድኩ።

ድልድዩ አጠገብ ያለው ኬላ ላይ የነበረው መኮንን መነጽር ያደረገ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። እዚያ ብዙ የቆየ ስለሆነ አማርኛ ይሞክራል። ቦርሳዬን ሲፈትሽ ካሜራውን አገኘ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የሰርግ ካሜራ ነው።»

«እዚህ ቀረጻ መምኑዕ ነው። ክልክል።»

«አልቀርጽም። ላሳይ ነው የመጣሁት።»

አልገባውም። ስክሪኑን ከፍቼ ሙሽራዋን በቬሎዋ አሳየሁትና፣ አባቷ ከገመዱ ማዶ እንደሚመጡ፣ ልጃቸውን ካዩ ብዙ ዘመን እንደሆናቸው፣ ሰርጓን ላሳያቸው እንደምፈልግ ነገርኩት። ካሜራውን አገላበጠው፣ ሌንሱን በአውራ ጣቱ ነካ (በልቤ ተቆጣሁ)፣ ከዚያ የሌንሱን ክዳን ራሱ ገጠመበት።

«ይህ ሳይከፈት» አለ በጣቱ ክዳኑን እየመታ። «ካሜራው ከዚህ መስመር አያልፍም። ሽማግሌውም ወዲህ አያልፉም። ከዚያ ውጭ ያለውን አላየሁም።»

አባትየው መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዱላ የያዙ ሰው ናቸው፤ ነጋዴዋ ክንዳቸውን ይዛለች። እሳቸው በገመዱ ማዶ፣ እኔ በዚህ ቆምን። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ገመዱ ከለከለኝና እጃቸውን ሳምኩ።

«አንቱ አባቴ፣ ልጅዎን ይዤልዎት መጥቻለሁ» አልኳቸው።

ካሜራውን ከፈትኩ። ፀሐዩ አናታችን ላይ ነበርና ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሰማይ ብቻ ሆነ። አባትየው ቀና ብለው አዩኝ። ነጠላዬን አወለቅሁና በእሳቸውና በካሜራው ላይ፣ በራሴም ላይ እንደ ድንኳን ጣልኩት። ገመዱን መሃል አድርገን፣ ሁለት ራስ በአንድ ነጠላ ሥር፣ ላብ እያጠመቀን ሰርጉን ማየት ጀመርን።

መጀመሪያ አላወቋትም። «ይህች ማን ናት?» አሉ።

«ልጅዎ ናት።»

ፊታቸውን ስክሪኑ ሊነካቸው እስኪደርስ አስጠጉ። ከዚያ ጥያቄው ተከታተለ። «ይህ ነው ባሏ? እጁ ላይ ያለው ጠባሳ የምን ነው? ሚዜዎቹ የማን ልጆች ናቸው? ለምን አታለቅስም?» ሁሉንም መለስኩ። ጭፈራው ጋ ስንደርስ ትከሻቸው ትንሽ ሲነቃነቅ በነጠላው ሥር ተሰማኝ። በዚህ መሃል መኮንኑ ነጠላውን በጣቱ አንስቶ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ። አባትየው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ «ልጄን እየዳርኩ ነው» አሉት። መኮንኑ ነጠላውን ለቀቀው፤ ግን አልሄደም። ከጎናችን ቆሞ በነጠላው ጠርዝ ሥር አንገቱን አስገብቶ ማየት ጀመረ።

ጉልበት መሳሙ ደረሰ። ሙሽራዋ ስትቆም፣ ዞር ስትል፣ በሰው መሃል ስትሄድ፣ ሐጅን እየሳበች ስታመጣ ታየ። የዚያ ሰው ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፦ «ለአባቷ ወንበር ክርስቲያን ጠፍቶ ነው?»

አባትየው «አቁሚው» አሉኝ።

አቆምኩት። የሐጅ ፊት ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ይህ ሰው ማን ነው?»

«የምትኖርበት ግቢ ባለቤት ናቸው።»

«ምን አድርጎላት ነው?»

ያኔ ነገርኳቸው። ካላዛሩን፣ ሆስፒታሉን፣ ሾርባውን፣ ዛፉ ሥር መቀመጡን። ካላዛር መያዟን አልሰሙም ነበር። በእኛ ቆላ ይህ በሽታ ስንቱን ወጣት እንደጨረሰ እሳቸው ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ከነጠላው ሥር ወጡና ዱላቸውን ተደግፈው ድልድዩን አዩ። ነጋዴዋ ውሃ ሰጠቻቸው፣ አልጠጡም። መኮንኑ በዓረብኛ ለራሱ፣ «ይህ ሽማግሌ የእኛ ሰው ነው» አለ ስክሪኑን እያየ።

አባትየው ተመለሱ። «ይህ ነገርሽ ድምፅም ይይዛል አይደል? ይይዛል፤ የዚያን ሰው ይዟል። የእኔንም ይያዝ። ለዚህ ሰው የምለው አለኝ።»

መኮንኑን አየሁት። ራሱን ነቀነቀ። «ምስል አይሆንም።»

«ክዳኑን አልከፍትም» አልኩት። «ድምፅ ብቻ።»

መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ ከዚያ ፊቱን ወደ መኪኖቹ አዞረ። ይህ ፈቃድ መሆኑ ገባኝ። ከሸለቆው ነፋስ እየመጣ ስለነበር ከቦርሳዬ ጥጥ አውጥቼ የማይኩን ቀዳዳ በስሱ ሸፈንኩ፣ በላዩ የነጠላዬን ጫፍ ደረብኩበት፣ ካሜራውን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። ክዳኑ እንደተገጠመ ቀረጻውን ጀመርኩ። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ቀይዋ ምልክት ብቻ ብልጭ ትላለች።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወጣት ሳሉ ሱዳን ለአጨዳ ተሻግረው ስለነበር በዚያው የእርሻ ዓረብኛ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጅ» ብለው ጀመሩ። ቀጥሎ ወደ አማርኛቸው ተመለሱ። «አባቷ ነኝ። ልጄ እንደታመመች ዛሬ ነው የሰማሁ። እርስዎ ቁጭ ብለው ጠብቀዋታል። እኔ እዚህ ከብት እጠብቅ ነበር። ወንበሩ የእርስዎ ነው። ተነሱ የሚልዎት ሰው ቢኖር፣ አባቷ ተቀመጡ ብሏል ይበሉት።» «ዝናቡ እንዴት ነው በእናንተ በኩል?» ብለው ጨመሩ፤ ከዚያ ሰውየው እዚያ እንደሌለ ትዝ ብሏቸው ነው መሰል እጃቸውን በማወናጨፍ አቁሚው አሉኝ።

ቀሪውን ሰርግ እስከ መጨረሻው አዩት። ልጅዎ ያለችበትን ልድገምልዎት ስላቸው እሺ አሉ፤ ሐጅ ያለበትንም ራሳቸው ጠየቁ። ያንን ሁሉ ስናይ አንዱ ባትሪ ብቻ ነው ያለቀ።

ገዳሪፍ ስመለስ በማግስቱ ሐጅ ቤት ሄድኩ። በጦርነቱ ከካርቱም የተፈናቀሉ ዘመዶቹ ቤቱን ሞልተውት ነበር፤ ሳሎኑ ውስጥ መቀመጫ አልነበረም። ካሜራውን በገመዱ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። ሙሽራዋ ሐጅ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ባሏ በሩ ላይ ቆመ። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነ። ከዘመዶቹ አንዲቱ ሴት «ተበላሽቷል» ብላ ልትነካካው ተነሳች።

«ተይው» አለ ሐጅ። «ሰው እየተናገረ ነው።»

ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ጥጡ ነፋሱን አስቀርቶታል፤ ከሩቅ የጭነት መኪና ጥሩምባ ብቻ ይሰማል። ሙሽራዋ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየተከተለች በዓረብኛ ነገረችው። ወንበሩ የሚለው ጋ ስትደርስ ድምጿ ተቆረጠባትና ባሏ ቀጠለላት። ዝናቡን የሚጠይቁት ጋ ሲደረስ ሐጅ ወዲያው፣ «ዘንድሮ ዘግይቷል» ብሎ ለቴሌቪዥኑ መለሰ። ቤቱ በሞላ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አሁን እኔን ቅረጪኝ። በምስል። እዚህ ማንም አይከለክልሽም።»

ግቢ ወጣን። ፀሐዩ ዘንበል ብሎ ስለነበር ብርሃኑ ለፊቱ ተስማማው። ጥምጣሙን አስተካከለ። እኔ የጠበቅሁት ምርቃት ነበር፤ እሱ ግን አንድ ጨዋታ አመጣ። «ሆስፒታል ሳለች በትኩሳቱ ጊዜ አንድ ሰው በስሙ ትጠራ ነበር። ሌት ተቀን ያንን ስም። እኔ ጥሏት የሄደ እጮኛ መስሎኝ፣ ባገኘው እያልኩ ስዝት ነበር። ትናንት ይህች ልጅ አባቴ ስሙ እንዲህ ነው ስትለኝ ነው የገባኝ። ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ፣ ብዙ ጊዜ ሰድቤሃለሁ።»

ሙሽራዋ አፏን በእጇ ያዘች። «እኛ አገር አባታችንን በስሙ ነው የምንጠራው» አለችው።

ይህንን መልስ ወደ መተማ እንዴት እንደምናደርስ ስንጨነቅ የትራክተር ሹፌሩ፣ ሞተር መፍታት የለመደ ሰው ነውና፣ ካሜራውን ከእጄ ወስዶ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ከፈተ። ከመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ስልክ ሊከፍተው በሚችል ዓይነት አድርጎ የሚያስቀምጥበት ቦታ አገኘ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበር። ምስሉ ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ ከስልኮቹ አያንስም። ሐጅን ደግመን ቀረጽነው፤ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ይሰድበው የነበረውን ስድብም ጨመረበት። ነጋዴዋ ወሰደችው፤ በአባትየው ልጅ ስልክ ላይ ተከፈተ። አባትየው ሰው በመጣ ቁጥር ያሳያሉ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስት ሴቶች፣ አንዷ ከቱነይድባ፣ ይህን ሥራ ልጀምር ብለው ምክር ጠይቀውኛል። ስልክ ካላችሁ በስልክ ጀምሩ እላቸዋለሁ። ለሰርግ፣ ረጅም ሰዓት ለሚቆይ ነገር፣ ከሩቅ ቆማችሁ ሰውን ሳታስደነግጡ ለምትይዙት ነገር ግን እንዲህ ያለ ካሜራ የሚያህለው የለም። ሁለት ባትሪ ያዙ። ጥጥ ያዙ። ጨለማ ቤት ውስጥ ሙሽራዋን ወደ በሩ አምጧት። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ምርጫዎቹን ሁሉ ከፍታችሁ እዩ። ይህን ያህል ነው የማውቀው፤ ለሥራው ይበቃል።

መሻገሪያው ትንሽ ላላ ሲል አባትየው ለአንድ ቀን ገላባት መግባት ተፈቀደላቸው። የልጅቷም ወረቀት ተሟልቶ ነበር። ሐጅ እኔም እንድሄድ ፈለገ። ካሜራውን ቤት ትቼ ሄድኩ፤ ቀረጻው ያው ክልክል ነው፣ መኮንኑንም በከንቱ ማስቸገር አልፈለግሁም።

ልጅቷ አባቷን ስታቅፍ ብዙ አለቀሰች፤ በሰርጓ ያላለቀሰችውን ሁሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ለረጅም ጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙና ምን እንደሚባባሉ ጠፋቸው። አንደኛው የእርሻ ዓረብኛ፣ ሌላኛው የሾፌር አማርኛ ነው ያላቸው። ሐጅ ሣር ክዳን ካላት አንዲት ፉል ቤት አስገባን። በአንድ ሳህን ፉል ቀረበላቸው። ዳቦውን ሐጅ ቆርሶ ለአባትየው ሰጠ፤ አባትየው ተቀበሉና ከመጉረሳቸው በፊት፣ «ዝናቡስ?» አሉት።

ስለ ዝናብ ተነሳ፣ ከዝናብ ወደ ሰሊጥ ሄደ፣ ከሰሊጥ ወደ ከብት በሽታ። ልጅቷ መሃላቸው ተቀምጣ ለማስተርጎም ተዘጋጅታ ነበር፤ የሚጠይቃት አጥታ ሻይዋን ጠጣች። ፀሐዩ ሲያዘነብል ሐጅ አንድ ጆንያ ስኳር ገዝቶ በወጣት ሠራተኛ ሊያሸክም ሲል አባትየው እምቢ አሉ፤ ሁለቱ በአንድ አንድ ጫፍ ያዙት። እንደዚያ ሆነው፣ ዱላና ጀላቢያ እየተደናቀፈባቸው፣ አሁንም ስለ ከብት እያወሩ እስከ ገመዱ ሄዱ። እኔና ልጅቷ ከኋላቸው ተከተልን።